በፍልሰታ ቅዳሜ ስለምትደግሺው ድግስ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ከጠዋት ጀምሮ የያዘው ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ እናንተ ዘንድ በጋ መሆኑን እናትሽ እስከ ዛሬ አምና አልተቀበለችም።

የላክሽልንን የድግስ ዝርዝር ሁለት ጊዜ አነበብነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየሽው ቤት ጓሮ 25 ያህል ሰው ጠርተሽ ለማብላት ማሰብሽ አስደስቶናል፤ የያዝሽው ገንዘብ 200 ዶላር ብቻ መሆኑም የሚያሳፍር አይደለም። ያልተስማማኝ ቀኑ ነው። ፆሙ ከተፈታ በኋላ ይሁን ብለሽ ነሐሴ 17ን፣ በእናንተ አቆጣጠር ኦገስት 23ን መርጠሻል። እኔ ግን አንድ ሳምንት አስቀድመሽ ነሐሴ 10 ቅዳሜ፣ ፍልሰታው ሳይፈታ እንድታደርጊው እመክርሻለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳሽ። 11 ዓመት ሙሉ የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ሳህኑን ቆጥሬ ሳስወጣና ቆጥሬ ሳስገባ፣ ድግስ ሰውን የቱ ላይ እንደሚያደኸየው ለመታዘብ በቂ ጊዜ ነበረኝ። የሚያደኸየው ፍስኩ ነው። የፍስክ ድግስ ከሆነ በጉ፣ ዶሮው፣ ቅቤውና አይቡ ሁሉ ይጠበቃል፤ አንዱ የቀረ እንደሆነ እንግዳው ባይናገር እንኳ ዓይኑ ይፈልገዋል። በፆም ግን ሥጋ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ሽሮሽን ቀና ብለሽ ታቀርቢያለሽ፤ እንግዳውም ገንዘብ አጥታ ነው አይልም፣ ፆም ነውና። በዚያ ላይ ከሥራ ባልደረቦችሽ መካከል ሙስሊሞች እንዳሉ ጽፈሽልናል። በፍስክ ቢሆን ሥጋውን ለየብቻ መግዛት፣ ለየብቻ መሥራትና ለየብቻ ማቅረብ ይኖርብሽ ነበር፤ የፆሙን ምግብ ግን ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ሥጋ አይቀምሱም ያልሻቸው አሜሪካውያን ጎረቤቶችሽም በዚያው ይስተናገዳሉ።

በፆም ተሰብስቦ መጫወት አይገባም የሚል ሰው አይጠፋም። ለእርሱ የምትመልሺው፣ ቡሄ ራሱ ነሐሴ 13 ቀን በፍልሰታ መካከል እንደሚውልና ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ እንደሚዞሩ ነው። ዘንድሮ በዓሉ ማክሰኞ ስለሚውል ሥራ ይዟችሁ አታከብሩትም፤ ስለዚህ ቅዳሜውን የቡሄ መቀበያ አድርጊው። እዚያ የተወለዱት ልጆች በወላጆቻቸው አፍ ብቻ የሚያውቁትን ጭፈራ በሣር ላይ ጨፍረው ሙልሙል ቢቀበሉ፣ ለፊኛና ለወረቀት ጌጥ የመደብሽውን ገንዘብ በሙሉ ማትረፍ ትችያለሽ። ሙልሙሉን በዱቄት፣ በእርሾና በጨው ራስሽ ጋግሪው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ይድረስ።

አንቺን ክርስትና ያስነሣን ጊዜ የሠራሁትን ላጫውትሽ። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኝ ነበርና እርሱ አልበቃ ብሎኝ ተበደርኩበት፤ ሁለት በግ አረድን፣ ሰፈሩን በሙሉ ጠራን፤ ዕዳውን ዳዴ ትተሽ ቆመሽ እስክትሄጂ ድረስ ስንከፍል ከረምን። የዚያን ቀን የተነሡትን ፎቶግራፎች አውጥተሽ ብታያቸው እናትሽ በአንዱም ውስጥ የለችም። ከንጋት ጀምሮ ከጓዳ አልወጣችም ነበር።

እንግዲህ ወደ ምግቡ ልግባ። ቀዝቅዞ የሚጣፍጠውን አስቀድሚ፤ አዚፋ፣ ቡቲቻ፣ ቲማቲም ፍትፍት፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ቀይ ሥር በድንች። የአዚፋው ምስር፣ ቡቲቻው፣ የተጨመቀው ሱፍና የተቀቀለው ቀይ ሥር አርብ ማታ ተዘጋጅተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድሩ ቅዳሜ ምድጃው ሥር አትውዪም። እንጀራው ግን ልታቀርቢ ስትይ ይፈትፈት፤ ቀድሞ የተፈተፈተ እንደሆነ ገንፎ ይሆናል። ለፍትፍት የአርብ እንጀራ ከዕለቱ ይሻላልና የሚጣል ነገር አይኖርሽም። አዚፋው ላይ ሰናፍጭ አትሰስቺ። ትኩስ ሆኖ የሚቀርበው ምስር ወጥና ሽሮ ብቻ ይሁን። በዕድራችን ልማድ ሁለት እንጀራ ለአንድ ሰው እንይዛለን፤ ስለዚህ 50 እንጀራ፣ 1 ኪሎ ተኩል ምስር ክክና 1 ኪሎ ያልሞላ ሽሮ ለ25 ሰው ይበቃሻል። ሽሮውን እናትሽ በሰው እጅ ልካልሻለች፤ በርበሬውም አብሮ አለ። ጥሩ ወጥ የሚያወጣው ዘይት ማብዛት ሳይሆን ሽንኩርቱን ሳይቸኩሉ ማቁላላት ነውና ለእርሱ አንድ ሰዓት መድቢለት።

አንድ ነገር ግን አደራ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በሚያወጣው የምግብ ጥንቃቄ መመሪያ መሠረት፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ምግብ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ከዚያ በታች ከሆነም ከ2 ሰዓት አይለፍ። ፆም ምግብ ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ የተቀቀለ ምስርም ይበላሻል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመደርደር ይልቅ በትናንሽ ሳህን እያወጣሽ ከማቀዝቀዣ እየተኪው።

በዝርዝርሽ ውስጥ ትልቁን ገንዘብ የያዘው የሣጥን ለስላሳ ነው፤ ሰርዢው። ተልባ ቆልተሽ ፈጭተሽ በጥብጪ፣ ማር በውኃ በርዢ፣ ሎሚ ጭመቂ፤ በረዶ ብቻ በብዛት ግዢ። ቢራ የሚፈልግ ይዞ ይምጣ።

ዕድሜውን ከድንኳን ጋር የፈጀ ሰው ድንኳን አትከራዪ ሲልሽ ሊያስቅሽ ይችላል። በ10 ሰዓት ጓሮው መካከል ቁሚና ጥላው የት እንደሚወድቅ እዪ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የቤቱ ጥላ በስተ ምሥራቅ ይዘረጋልና ወንበሩን በዚያ በኩል ደርድሪ። ወንበር ከሁለት ጎረቤት ተዋሺ፣ ለቀረው ምንጣፍ አንጥፊ። ቄጠማም መግዛት አያስፈልግሽም፣ የቆምሽው ሣር ላይ ነው። በአበባ ማስቀመጫና በባልዲ የተጠራቀመ ውኃ ካለ ግን በዚያው ሳምንት ድፊው፣ የወባ ትንኝ ባትሆንም ትንኝ የምትፈለፈለው እዚያ ነው፤ ቤት ያለውን ማራገቢያ ወደ ተቀመጡበት አዙሪው፣ ንፋስ ላይ ትንኝ መብረር ይከብዳታል። በእናንተ አገር በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ መብራት የሚያስፈልግሽ ለመጨረሻው ሰዓት ብቻ ነው፤ ለገና የገዛሻቸውን ትናንሽ አምፖሎች አጥሩ ላይ ስቀያቸው። ችቦ ማብራት የሚያምርሽ ከሆነ የአካባቢውን የእሳት አደጋ ደንብ ሳትጠይቂ እንዳትሞክሪው።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ለአሜሪካውያኑ 4 ሰዓት ብለሽ ጻፊላቸው። ለእኛ ሰዎች ደግሞ ያው ሰዓት 10 ሰዓት ነው፤ ነገር ግን 9 ሰዓት በያቸው፣ ያኔ በ10 ሰዓት ይደርሱልሻል።

ቡናውን ሌላ ሰው እንዲያፈላ ከአሁኑ ለምኚ። አንዷ ጓደኛሽ ረከቦቱን ትያዝ፣ ሌላዋ ፈንድሻ ታፈንዳ፣ አንዱ ወንድ ደግሞ በረዶና ዕቃ ይሸከም። በዕድር እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ሥራ የተሰጠው እንግዳ ዳር ይዞ ስልኩን ሲያይ አይውልም። ያለ ሥራ የተቀመጠ ሲያማ ያየሁት ግን ብዙ ነው።

የተዋስሻቸውን ወንበሮች ከሥራቸው በፕላስተር የባለቤቱን ስም ለጥፊባቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቆጥረሽ አስረክቢ። ስኒዎቹንም ቁጠሪ። ፎቶግራፍ ስትልኪልን አንቺ ያለሽባቸውን አስቀድሚ፤ እናትሽ እነርሱን ነው የምትጠብቀው።

የሚወድሽ አባትሽ