ለጎልድፊሽና ለቤታ አንድ ውኃ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የቤት ማስዋብ ዓምዳችሁ ሰሞኑን ስለ አኳሪየም፣ ዓሣ ስለሚያዝበት የመስታወት ገንዳ፣ ጽፎ ነበር። በደስታ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ስለ ዓሣ የሚጽፍልን ጋዜጣ ብዙ የለምና። አንድ አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ጎልድፊሽና ቤታ የሚባሉት ዓሦች «እርስ በርስ ስለማይጣሉ» አብረው መኖር ይችላሉ ይላል። ከጎኑ ያለው ፎቶ ክብ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ብርቱካናማ ጎልድፊሽና አንድ ሰማያዊ ቤታ ያሳያል። ፎቶው ያምራል። ምክሩ ግን ዓሣ ይገድላል። የምጽፍላችሁ እርማት እንዲወጣ ለመጠየቅ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሳሎኔ ውስጥ ሁለት አኳሪየም አለ። አንዱ የጎልድፊሾቼ ነው። ሌላው ውስጥ ሁለት ዓይነት ዓሣ አብረው ይኖራሉ፤ ስለ እነሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዓሣ አንድ ላይ መያዝን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የምቃወመው አመራረጡን ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይጣላሉ ወይ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ሁለቱ የሚፈልጉት ውኃ አንድ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ዓሣ ውኃው ካልተመቸው መሄጃ የለውም። ያስገባነው ውስጥ ነው ውሎ የሚያድረው።

ቤታ የመጣው ከታይላንድና ከአካባቢዋ ነው። ጥልቀት በሌለው፣ ሞቃትና ቀስ ብሎ በሚሄድ ውኃ ውስጥ ነው የኖረው። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ጎልድፊሽ ደግሞ ቻይናውያን ከ1 ሺህ ዓመት በፊት ማርባት የጀመሩት ዓሣ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳል፤ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል። የዓሣ ሰውነት እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ጠብቆ አይኖርም። ውኃው ስንት ከሆነ እሱም ያው ነው። ቤታ 20 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ምግብ መፍጨቱ ይዘገያል። በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። መዋኘት ይተውና ታች ቁጭ ይላል። ከውጭ የሚያየው ሰው «እንዴት ተስማሙ!» ይላል። አልተስማሙም። ቤታው በርዶታል።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋዜጣችሁን ይዞ ቤቴ መጣ። «ቲቸር፣ አይጣሉም ይላል እኮ። ቤታዬን ከጎልድፊሾቼ ጋር ላስገባው?» አለኝ። የጎልድፊሾቹ ውኃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሃያ» አለ። ልኩን አውቆ ነው የያዘው፤ ጎበዝ ልጅ ነው። እንግዲያው ቤታው ባለበት ይቆይ አልኩት። «መሀሉን 23 ባደርገውስ?» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ስለሆነ መልሱን እዚህ ላስፍረው።

በ23 ዲግሪ ጎልድፊሽ ወዲያው አይሞትም፤ ቤታም አይሞትም። ግን አንዱ ሁልጊዜ ትንሽ እንደሞቀው፣ ሌላው ሁልጊዜ ትንሽ እንደበረደው ይኖራል። በዚያ ላይ ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ28 ዲግሪ ወደ 8 ሚሊግራም ይወርዳል። ጎልድፊሽ ሲሞቀው ደግሞ ብዙ ኦክሲጅን ይፈልጋል። ፍላጎቱ ሲጨምር ያለው ይቀንስበታል ማለት ነው።

ሙቀቱን ብንተወው እንኳ አሞኒያ የሚባለው መርዝ አለ። ጎልድፊሽ ጨጓራ የለውም። የበላው ቶሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይበላል፣ ቀኑን ሙሉም ያቆሽሻል። ከሰውነቱ የሚወጣው አሞኒያ የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል። ውኃው እንደ መስታወት ጠርቶ እያለ አሞኒያ ሊኖርበት ይችላል፤ በዓይን አይታይም። የሚያድነን ውኃውን በሚያጣራው ፊልተር ላይ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። አዲስ አኳሪየም ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ እስኪሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ክቡ ብርጭቆ ውስጥ ፊልተርም ቦታም የለም።

ለጎልድፊሽ የሚበቃ ፊልተር ኃይለኛ ነው፤ ውኃውን አጥብቆ ይገፋል። የወንድ ቤታ ክንፍና ጭራ ረጅምና ስስ ነው። ያ ግፊት ያደክመዋል። ጥግ ፈልጎ ይደበቃል። ፊልተሩን ብታለሰልሱለት ደግሞ ጎልድፊሹ በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ለአንዱ ያደላችሁት ሌላውን ይጎዳል።

ምግባቸውም አይገናኝም። ቤታ የነፍሳትና የትንኝ እጭ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ይፈልጋል። ጎልድፊሽ አትክልት የበዛበት ይሻለዋል፤ ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። የቤታው ምግብ ውኃው ላይ ሳይረጋጋ ያልቃል። የቤታው ረጅም ክንፍም ለጎልድፊሽ የሚነካካ ነገር ነው። ጠብ አይደለም፤ መቅመስ ነው። ክንፉ ግን ይቀደዳል።

«ቤታ አየር ስለሚተነፍስ በብርጭቆ ይኖራል» የሚለውም እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አለ። እውነት ነው፣ ከውኃው በላይ ወጥቶ አየር የሚስብበት የተለየ አካል አለው። ይህ ኦክሲጅን ያነሰበት ውኃ ውስጥ ለመኖር ይረዳዋል። ከአሞኒያና ከብርድ ግን አያድነውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው አኳሪየሜ ልመለስ፤ እሱን ሳስብ ደስ ይለኛል። ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ ናቸው ያሉት። ሁለቱም የደቡብ አሜሪካ ዓሦች ናቸው። 24 ዲግሪ ለሁለቱም ምቹ ነው። ለስላሳ፣ እንደ ካልሲየም ያለ ማዕድን ያልበዛበት ውኃ ይስማማቸዋል። ኒዮን ቴትራ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፤ መሀል ውኃ ላይ በመንጋ ይዋኛል። ኮሪዶራስ ታች አሸዋው ላይ ነው የሚውለው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም። የአንዱ አፍም ሌላውን የሚውጥ አይደለም። ሁለቱም መንጋ ስለሚወዱ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 6 መሆን አለባቸው። አንድና ሁለት ብቻ ከሆኑ ይፈራሉ፣ ይደበቃሉ፣ ቀለማቸውም ይደበዝዛል። ጠዋት መብራቱን ሳበራ ኒዮኖቹ ገና ቀለማቸው አልመጣም፤ ሌሊት ይደበዝዛልና። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊው መስመር ቀስ እያለ ይበራል። ኮሪዶራሶቹ በጢማቸው አሸዋውን ሲፈትሹ ማየት ደግሞ አይጠገብም። አንዳንዴ በድንገት ወደ ላይ ተወርውረው አየር ስበው ይመለሳሉ። አትደንግጡ፣ ተፈጥሯቸው ነው።

ኮሪዶራስን የተረፈ ጠራጊ አድርገው የሚሸጡ አሉ። በትርፍራፊ ብቻ አይኖርም። ወደ ታች የሚሰምጥ የራሱ ምግብ ያስፈልገዋል። ጢሙ እንዳይጎዳም ከስለታም ጠጠር ይልቅ ደቃቅ አሸዋ ይነጠፍለት።

ኒዮንን ከኤንጅልፊሽ ጋር ለመያዝ ያሰበ አንባቢ ካለ ይጠንቀቅ። የውኃ ፍላጎታቸው ይቀራረባል፤ ሲገዙም ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ኤንጅልፊሽ ግን 15 ሴንቲሜትር ድረስ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ኒዮኑ አፉ ውስጥ ይገባል። ዓሣ ሲመረጥ በሚደርስበት መጠን እንጂ በሱቁ መጠን መሆን የለበትም። ክብ ብርጭቆ ውስጥ የሚታየው ያ ጎልድፊሽ በደንብ ከተያዘ ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል።

ይህን ሁሉ የምለው ዓምዱ እንዲቋረጥ አይደለም። በርቱበት። ዓሣ ቤት ሲገባ ልጆች ሕይወት ያለው ነገር መንከባከብ ይለምዳሉ፤ ይህን በማስተማር ሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጎልድፊሽና ቤታ አብረው ይኖራሉ የተባለው በሚቀጥለው እትም እዚያው ገጽ ላይ፣ በሚታይ ፊደል ይታረም። ጽሑፉን አንብቦ ቤታውን ወደ ጎልድፊሾቹ ያዞረ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይለያቸው። የለየውን ቤታም ክዳንና ማሞቂያ ባለው፣ ቢያንስ 20 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ፣ ቀስ ብሎ ከሚሠራ ፊልተር ጋር ያኑረው። ሁለተኛ፣ ወደፊት የዓሣ ስም ስትጽፉ ከሥሩ የሚፈልገውን ዲግሪ፣ ሲያድግ የሚደርስበትን ሴንቲሜትርና የሚበላውን ጻፉልን። አንድ መስመር ይበቃል። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት የሚረዳችሁ ካስፈለገ እኔ ያለ ክፍያ እሠራላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ