በመልሱ የሚቀድም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እናታችንስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ዘመን! በጣም ናፍቀኸኛል። ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ አንድ የዋና ውድድር ነው።

የእህቴ ልጅ በስልኩ የአውሮፓን ሻምፒዮና አሳየኝ፤ በፈረንጆቹ 2022 ሮም ላይ የተደረገውን የወንዶች 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ። ዴቪድ ፖፖቪቺ የሚባል ሩማኒያዊ፣ ገና የ17 ዓመት ቀጭን ልጅ፣ በ46.86 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ሃንጋሪያዊው ክሪስቶፍ ሚላክ በ47.47 ሁለተኛ፣ ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ሚሬሲ በ47.63 ሦስተኛ ወጡ። የተሰበረው የብራዚላዊው ሴሳር ሲዬሎ 46.91 ነው፤ እሱም እዚያው ሮም፣ በ2009፣ ኋላ የታገደው ገላ ላይ ልጥፍ የሚል የላስቲክ ልብስ በሚለበስበት ጊዜ የተመዘገበ። ይኼ ልጅ በጨርቅ ቁምጣ አሻሻለው!

እኔን የያዘኝ ግን አዋኛኘቱ ነው። ሲዬሎ ያኔ በ22.17 ሄዶ በ24.74 ተመለሰ። ፖፖቪቺ ሲሄድ 22.74፣ ሲመለስ 24.12። በመሄጃው ከግማሽ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ሁሉንም በመልሱ አካካሰው። ወላሂ፣ አንተን ነው ያየሁት። ከቄጠማው ጫፍ ተነስተን እስከታሰረችው ታንኳ ስንሽቀዳደም ትዝ ይልሃል? እኛ ውኃውን እየደበደብን እንሄዳለን፤ አንተ ፊትህን ውኃ ውስጥ አድርገህ፣ በቀኝ ጎንህ ብቻ እየተነፈስክ፣ ክንድህ ሲገባ ጠብታ ሳይረጭ ከኋላ ትመጣለህ። ታንኳዋን ነክተን ስንዞር እኛ ትንፋሽ ያጥረናል፣ አንተ ገና መጀመርህ ነው። ማንም አላስተማረህም። አሠልጣኝና ሰዓት የሚይዝልህ ሰው ብታገኝ ኖሮ የት በደረስክ! እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ክብረ ወሰኑ አልቆየም፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ 46.40 አደረሰው። ፖፖቪቺ ግን እዚያው በ200 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ፤ እንደራሴ ልጅ ነው ደስ ያለኝ።

የሐይቅ ከተማችን ልጆች ዛሬም ውኃ ውስጥ ናቸው፤ እንደኛው ጉልበታቸውን በመሄጃው ይጨርሱታል። ክረምቱ ሲወጣ ልጆችህን ይዘህ ና። የእህቴን ልጅ አተነፋፈሱን አሳየው፤ እኔ ብነግረው ብነግረው አልገባው አለ። ስልክህም ተቀይሮ ከሆነ አዲሱን ቁጥር ላክልኝ።

ወንድምህ፣ ከሐይቅ