ለሚጡዬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ለምወድሽ እህቴ ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከብርዱና ከሌሊት ሥራው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እማዬ ስትደውል ስላንቺ አማረረች። «ኢንስታግራም ላይ ፎቶ ትለጥፋለች፣ ታጠፋለች፣ ከዚያ ታኮርፋለች» አለችኝ። የጥምቀቱን ፎቶሽን ወድጄው ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ላሳይ ስከፍተው ጠፍቷል። ላይክ ስላነሰው ነው አሉ። በይ እሱን በቴሌግራም ላኪልኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የለጠፍሽው ነገር ለተከታዮችሽ ሁሉ እኩል አይደርስም። ማን ምን እንደሚያይ የሚመርጠው የኢንስታግራም ኮምፒውተር ነው። የሚያስቀድመውም ሰውን ስልኩ ላይ አፍዝዞ የሚያቆየውን ነው። ብዙዎቹ ጓደኞችሽ ፎቶውን ጭራሽ አላዩት ይሆናል። ታዲያ ያላየሽ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠላሻል?

ፌስቡክ ላይክን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ አንቺ ያኔ ጡት ትጠቢ ነበር። እኛም በልጅነታችን «ሰው ምን ይለኛል» እንል ነበር። ሰው ማለት ግን ጎረቤትና የክፍል ልጅ ነው። ቢያሙሽም ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ያንቺ ሐሜተኛ ግን ትራስሽ ሥር ያድራል፣ ያውም በቁጥር እየመዘገበ።

ይህን የምልሽ ስላረጀሁ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍራንሴስ ሃውገን የምትባል የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ የኩባንያውን የውስጥ ሰነድ ይፋ አውጥታ ነበር። ኢንስታግራምም የዚያው ኩባንያ ነው። የራሳቸው ጥናት ነው፦ በሰውነታቸው ከሚከፋቸው ልጃገረዶች 32 በመቶዎቹ ኢንስታግራም ይበልጥ እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። ያውቁ ነበር ማለት ነው! የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከውጭ አገር በሚለጠፈውም አትቅኚ። እዚህ ብዙ ሐበሻ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ያማረ መኪና ተደግፎ ፎቶ መነሳት ቀላል ነው። የቤት ኪራዩና ድርብ ሥራው ፎቶ ላይ አይወጣም። ፊልተሩንም ቀንሺው፤ አፍንጫሽን አቅጥኖ ሌላ ሰው አደረገሽ። ያ አፍንጫ የአባባ ነው፣ ምን አድርጎሽ ነው?

ስልኩን ጣይው አልልሽም። ባትለጥፊ እኔስ በምን አይሽ ነበር? ግን ኢንስታግራም ሴቲንግ ውስጥ የላይክ ቁጥር መደበቂያ አለ። ካልገባሽ በቪዲዮ ደውይልኝና አብረን እናስተካክለዋለን። ደግሞ ሲከፋሽ ለእማዬ ንገሪያት። ትቆጣለች እንጂ ትሰማሻለች። ለሷ ካፈርሽ ለኔ ጻፊልኝ፣ በሌሊት ሥራ ላይ ስለሆንኩ አልተኛም።

የእማዬን መድኃኒት የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ላንቺም ጫማ ልጨምር ነው። ቁጥርሽ ያው 37 ነው ወይስ አድጓል? ቶሎ መልሺልኝ፣ ሰውየው ሻንጣውን ሊዘጋ ነው።

የምትወድሽ እህትሽ