አምቡላንሱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊሄድ ነበር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ስለ ኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር፣ የቤት ስልክን በኢንተርኔት ስለምታሠራው ትንሽ ሳጥን፣ የጻፉትን አነበብኩ። ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፤ አብዛኛውም እውነት ነው። «ሳጥኗን ይዛችሁ የትም ብትሄዱ ስልካችሁ አብሯችሁ ይሄዳል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቡናዬን አስቀመጥኩ። እኔ ይዣት ሄጃለሁ። የገጠመኝን ልንገራችሁ።

እንጀራ ጋጋሪ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ትእዛዝ የምቀበልበት የቤት ስልክ በ301 ይጀምራል። ይህ ቁጥር በየዓመቱ ለደንበኞቼ በማድለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሟል። አንዳንድ ቤት የዛሬ አምስት ዓመቱ ሳይቀር አልወረደም፤ ሥዕሉን ወደውት ነው። እናም ቁጥሩ ጠፋ ማለት እኔም ጠፋሁ ማለት ነው።

የድሮው መስመር በወር 58 ዶላር ደረሰብኝ። የእህቴ ልጅ ሂሳቡን ጠረጴዛ ላይ አይቶ «አክስቴ፣ ለዚህ ነው ሌሊት የምትነሺው?» አለኝ። በሳምንቱ 50 ዶላር ገደማ የምታወጣ ሳጥን ይዞ መጣ። ቁራሽ ሳሙና ብታክል ነው። አንድ ገመድ ከራውተሩ ይመጣል፣ ሌላው ወደዚያው ወደ አሮጌው ስልኬ ይሄዳል። ሳጥኗ ድምፄን ከታትፋ በኢንተርኔት ትልከዋለች። ለአንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 90 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይበቃታል፤ ልጆቹ ፊልም እያዩም ማውራት ይቻላል ማለት ነው። አሁን በወር 12 ዶላር እከፍላለሁ።

መጀመሪያ ላይ ትንሽ አስቸግራለች። እኔ ደንበኛውን እሰማዋለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። «ሄሎ! ሄሎ!» ብሎ ይዘጋብኛል። ልጁ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባል፣ የኢንተርኔት ጥሪን የሚነካካ ነገር አጠፋና ተስተካከለ። ሌላው ያዳነኝ ነገር፣ ቁጥሬ ወደ አዲሱ የስልክ አገልግሎት አቅራቢ እስኪዛወር የድሮውን መስመር እንዳልዘጋ አጥብቆ መናገሩ ነው። እኔማ በዚያው ቀን ደውዬ ልዘጋው ነበር። ዘግቼው ቢሆን 301ዬ ከመስመሩ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችል ነበር። ዝውውሩ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዘጠኙንም ቀን ለሁለቱም ከፈልኩ።

ሳጥኗ ስትመጣ አብራ አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ነበረች። በእንግሊዝኛ ስለ 911፣ ስለ አደጋ ጊዜ ጥሪው ቁጥር፣ የሆነ ማስጠንቀቂያ ይላል። ሳላነበው ከካርቶኑ ጋር ጣልኩት።

አምና ሱቅ ተገኘና ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተዛወርኩ፤ ከሰሚናሪ ሮድ አጠገብ። ሳጥኗን በቦርሳዬ አድርጌ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻገርኩ። ሱቅ ደርሼ ሰካኋት። መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለ፤ ስልኩም ወዲያው ጮኸ። የመጀመሪያዋ ደዋይ የሲልቨር ስፕሪንግ ደንበኛዬ ናት። 30 እንጀራ አዘዘችኝ። መዛወሬን እንኳ አላወቀችም። ያኔ የእርስዎ አንባቢ እንዳሉት ነው ያልኩት፦ ተአምር!

አብረውኝ የሚጋግሩ አንድ እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ስኳር አለባቸው። ቀኑ የጾም ቀን ነበር። እትዬ መድኃኒታቸውን ውጠው፣ እህል ሳይቀምሱ መጥተዋል። ጎህ ሳይቀድ፣ በአበሻ 11 ሰዓት ገደማ፣ ላብ አጠመቃቸው። ማሰሻውን እንደያዙ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ስጠራቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ቃል ግን አይወጣቸውም። የእኔ እጅ እስከ ክርን ሊጥ ነው። ሞባይሌ መኪና ውስጥ ቀርቷል። የግድግዳውን ስልክ አንስቼ 911 ደወልኩ።

ያነሳችው ሴት ፈጣን ናት። «አድራሻሽ ይሄ ነው?» ብላ አነበበችልኝ። የመንገዱ ስም፣ የሕንጻው ቁጥር፣ የአፓርታማው ቁጥር። 11 ዓመት የጻፍኩት አድራሻ ነው። ስሜን የጠራችኝ ያህል ሆኖብኝ «የስ!» አልኩ። «እሺ፣ እየመጡ ነው» አለችኝ።

እትዬን በአንድ ክንዴ ደግፌ ቀና ስል ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የዘንድሮው ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከሥሩ በቀይ «አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ» ይላል። ያነበበችልኝ የድሮ ቤቴን ነበር።

«ኖ! ኖ! እዚያ አይደለሁም፣ ቨርጂኒያ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ዝም አለች። ለካ እሷ ራሷ የሜሪላንዱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሠራተኛ ናት። ከዚያ ወደ አሌክሳንድሪያዎቹ አዛወረችኝ። እንደገና ጠራ፣ እንደገና ሌላ ሰው አነሳ፣ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላየሁም። ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ ግን ከሰል ሆኗል።

እትዬ መዋጥ ይችሉ ስለነበር የብርቱካን ጁስ እንድሰጣቸው ነገሩኝ። አምቡላንሱ ሲደርስ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ሰዓቱ ሳይደርስ ጾሜን አስፈታሽኝ!»

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳጥኗ የት እንደተሰካች አታውቅም። 911 የሚሄደው አቅራቢው ጋ በተመዘገበው አድራሻ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ደንብ አቅራቢዎች አገልግሎቱን ከመጀመራቸው በፊት የደንበኛውን አድራሻ እንዲመዘግቡ አስገድዷል። ስንዛወር የምንቀይርበትን መንገድም እንዲሰጡን አዟል። ያቺ የጣልኳት ተለጣፊም በዚሁ ደንብ የመጣች ናት። አድራሻዬን በአቅራቢው ድረ ገጽ ላይ ለመቀየር የፈጀብኝ አራት ደቂቃ ነው። አራት ደቂቃ! ከጉዞው በፊት ማድረግ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልን። ስልኩ አብሮን ይሄዳል፤ አድራሻው ግን እኛ ካልቀየርነው እዚያው ይቀራል። አንድ ነገርም ጨምሩበት። ብዙ አቅራቢዎች ዘንድ 933 ሲደወል የተመዘገበውን አድራሻ መልሶ ያነብልናል። 911ን ሳናስቸግር ማረጋገጥ ይቻላል ማለት ነው። እኔ በየወሩ የቤት ኪራይ ስከፍል እደውላለሁ።

መብራት ሲጠፋስ? ሳጥኗም ራውተሩም ይሞታሉ። ትንሽ የባትሪ መጠባበቂያ ገዝቼ ሁለቱንም እሱ ላይ ሰክቻለሁ። ኢንተርኔቱ ራሱ ከተቋረጠ ግን ባትሪም አያድንም። ሞባይሌ ከዚያን ቀን ወዲህ መኪና ውስጥ አድሮ አያውቅም። የድሮው መስመር ይሻል ነበር የሚሉኝ አሉ። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 የመጣውን አውሎ ነፋስ የሚያስታውስ ግን ይፈርዳል። ያኔ በሰሜን ቨርጂኒያ 911 ራሱ ተቋርጦ ነበር።

ደንበኞቼ ደግሞ «አንዷን ሳጥን አዲስ አበባ ለእናቴ ብልክላትስ? የአሜሪካ ቁጥር ይኖራት ነበር» ይሉኛል። እኔም ለእናቴ አስቤው ነበር፤ ተውኩት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 761፣ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም ዕቃ ማስገባትንም በኢንተርኔት የስልክ አገልግሎት መስጠትንም በወንጀል የሚያስቀጣ አድርጎ ነው የደነገገው። ደግሞስ እናቴ ቦሌ ሆና 911 ብትነካ አምቡላንሱ የሚሄደው እኔ ቤት ነው።

የጣልኳትን ተለጣፊ የሚተካ ሳጣ ሰፊ ፕላስተር ላይ አዲሱን አድራሻ በትልልቁ ጽፌ ስልኩ ላይ ለጥፌያለሁ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። ትናንት ሳየው እትዬ ከሥሩ በእርሳስ ጨምረውበታል፦ «ጁስ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእርሾው ጀርባ»።

እንጀራ ጋጋሪዋ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ