«የተሟላ» ተብሎ ስለተሸጠልን የድመት ምግብ የቀረበ ቅሬታ

ለእንስሳት ምግብ አከፋፋይ ድርጅቱ የሽያጭ ክፍል

ጉዳዩ፦ የካታሎጋችሁ ቃል ከማሸጊያው ጽሑፍ ጋር አለመስማማቱን ይመለከታል

የቤት እንስሳት ምግብ መሸጫ መደብር አለኝ። ከእናንተ የተረከብኩት በጣሳ የታሸገ የድመት ምግብ ካታሎጋችሁ ላይ «ለአዋቂ ድመት የተሟላ ዕለታዊ ምግብ» ተብሏል። አምኜ ያንኑ መደርደሪያዬ ላይ ለጠፍኩ። አንዲት ደንበኛዬ አምስት ወር ሙሉ ለድመቷ ሌላ ምግብ ሳትሰጥ ይህንኑ ስታበላት ቆይታ ባለፈው ሳምንት ጣሳውን ይዛ መጣች። የእንስሳት ሐኪሙ ያሳያትን ከባርኮዱ ሥር ያለች ደቃቅ ጽሑፍ አስነበበችኝ፦ «አልፎ አልፎ ወይም በተጨማሪነት ለመመገብ ብቻ»። የምመልስላት ቃል አጣሁ።

ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ራሷ ማዘጋጀት ስለማትችል ከምግቧ ማግኘት አለባት። ሲጎድላት ዓይኗ ይጎዳል፣ የልቧ ጡንቻም ይደክማል፤ የልቡ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የታወቀ ነው። ለዚህም ነው የአሜሪካ የመኖ ቁጥጥር ባለሥልጣናት ማኅበር (አፍኮ) የተሟላ ለሚባል የድመት የጣሳ ምግብ፣ ውሃው ተቀንሶ በሚቀረው ደረቅ ክፍል ቢያንስ 0.2 በመቶ ታውሪን እንዲኖር በመመዘኛው ያስቀመጠው። በተጨማሪነት ብቻ የሚሰጥ ምግብ ይህን የማሟላት ግዴታ የለበትም። እናንተ ግን ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ ሸጣችሁልኝ።

ካታሎጉ «በአፍኮ የጸደቀ» የሚል ማኅተምም አለው። አፍኮ መመዘኛ ያወጣል እንጂ ምግብ አይመረምርም፣ አያጸድቅም፣ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። ይህን እኔ ቸርቻሪው ካወቅሁ እናንተ እንዴት ሳታውቁ ቀራችሁ?

አብሮ የመጣው የውሻ መገጣጠሚያ ማሟያ እንክብል ደግሞ «የመገጣጠሚያ ሕመምን ይፈውሳል» ይላል። እፈውሳለሁ ያለ ምርት እንደ መድኃኒት መመርመር ነበረበት። በየትኛው የምርት ዙር እንደተመረተ የሚያሳየው የባች ቁጥሩ ላይ ደግሞ የእናንተ ስቲከር ተለጥፎበታል። ነገ አምራቹ አንዱን ባች ከገበያ ቢሰበስብ የትኛውን ከመደርደሪያ እንደማወርድ በምን ልወቅ?

ሁለቱንም ምርቶች መሸጥ አቁሜያለሁ። የቀረውን ተረክባችሁ ገንዘቤን እንድትመልሱ፣ «የተሟላ» ለምትሉት ለእያንዳንዱ ምግብ የአምራቹን የጽሑፍ ማረጋገጫ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ጣሳ ለገዙ መደብሮች በሙሉ ማስተካከያውን ዛሬውኑ ጻፉላቸው። የገንዘቡን ነገር ልታገሥ እችላለሁ፤ ይህን ግን አልችልም፤ በየቤቱ ይህንን ብቻ የሚበሉ ድመቶች አሉና። የደንበኛዬ ድመት የልብ ምርመራ ላይ ናት፤ ውጤቱ እንደደረሰኝ ቅጂውን እልክላችኋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመደብሩ ባለቤት