እማዬ፣ እጅሽን በሚዛን ለካሁት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የኅዳር ብርድ ገባ ሲባል ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ደብረ ብርሃን ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ጉልበትሽን ይስማሉ።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ ስላልሆነልኝ ነው። ባለፈው እሑድ ድፎ እየጋገርኩ መሸጥ መጀመሬን ገና ነግሬሽ ሳልጨርስ «ዳቦ ይሸጣል እንዴ? ዳቦማ ይቆረሳል» አልሽና ወደ ሌላ ወሬ ገባሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ተቀይሜ አይደለም። እውነትሽን ነው። በእኛ ቤት ዳቦ ተሽጦ አያውቅም። ይደፋል፣ ይባረካል፣ ይቆረሳል፣ ለጎረቤት ይታደላል። እስካሁን ሳልነግርሽ መቆየቴ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በይኝ። አሁን ግን ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽና እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

የተጀመረው በማኅበር ነው። ባለፈው ጥር 21 ተራዬ ነበር። ዳቦውን ከዳቦ ቤት ላዝ አስቤ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ። ያንቺ እጅ ሊጥ ማሸት ካቃተው ወዲህ የቤታችንን ድፎ ቀምሼ አላውቅም። በጠርሙስ የሰጠሽኝን እርሾ ከፍሪጅ አወጣሁና ዱቄትና ውሃ እየሰጠሁ ሦስት ቀን አስታመምኩት። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍተው የማድቤታችን ሽታ ወጣ። ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ።

የመጀመሪያው ድፎ ግን አላማረም። ከሥር አረረ፣ ከላይ ነጣ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። አንቺ ኩበት ከምጣዱ ሥር ታነጂያለሽ፤ በክዳኑም ላይ ፍሙን ትከምሪያለሽ። ዳቦው በሁለት እሳት መካከል ነው የሚበስለው። የእኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያሞቀው ከሥር ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ አጋማሹ ላይ ይገለብጠዋል። እኔም ሞከርኩ፤ ኮባው እየተቀደደ መልኩ ይበላሻል። በመጨረሻ ከላይም ከታችም የሚያሞቅ ያገለገለ ኦቭን ገዛሁ። ኮባውን ግን አልተውኩም። ከሥርም ከላይም አለብሰዋለሁ። እሱ ከሌለ ሽታው ድፎ አይደለም።

ማኅበርተኞቹ በልተው ሲወጡ አንዷ ለልጇ ክርስትና አዘዘችኝ። እሷን ያየች ሌላዋ ለልደት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰዉ በዛ። ያኔ ነው ጭንቁ የመጣው። አንዱ ድፎ ሲሳካ ሌላው ይኮመጥጣል፤ አንዱ ጨው ይበዛበታል። ለቤት ሲሆን ማንም አያማም። ገንዘብ ከፍሎ የወሰደ ሰው ግን ባለፈው ወር የበላውን ያንኑ ነው የሚፈልገው።

ለፋሲካ ስመጣ ሚዛን ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነበር። እንዴት እንደሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? እኔ ሊጡን እያሸሁ አንቺ በርጩማው ላይ ሆነሽ ታዥኝ ነበር። «ጨው እፍኝ» አልሽ። እፍኝሽን ልትበትኚው ስትይ ሳህኑን ደቀንኩብሽ። ሦስት ጊዜ አዘገንኩሽ። 58፣ 61፣ 59 ግራም። ለ3 ኪሎ ዱቄት ማለት ነው። እማዬ፣ ዳቦ ጋጋሪዎች በትምህርት ቤት የሚማሩት ጨው ከዱቄቱ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ይሁን ብለው ነው። ለ3 ኪሎ 60 ግራም ይመጣል። አንቺ ሚዛን ሳታይ ዕድሜሽን ሙሉ እዚያው ላይ ነበርሽ። ያን ቀን ምንም አላልኩሽም፤ አፌን ሞልቶ የሚወጣ ቃል አጣሁ። ውሃውን፣ ዘይቱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ድንብላሉን ሁሉ እንዲሁ ለካሁና በደብተር ይዤ ተመለስኩ።

እርሾው ብቻ አስቸገረኝ። አንቺ ሊጡን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ታሳድሪዋለሽ፤ ጠዋት ልክ ሆኖ ይገኛል። እዚህ በዚያው ልክ ማታ 2 ሰዓት ያቦካሁት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከሳፋው ገንፍሎ ወለሉን አለበሰው። የደብረ ብርሃን ብርድ ለካ ሥራሽን ያግዝሽ ነበር። አሁን እርሾውን በግማሽ ቀንሻለሁ።

ስለ ገንዘቡም ልንገርሽ፤ ይኼን ነው በደንብ እንድትሰሚ የምፈልገው። መጀመሪያ ሁለት ወር ሙሉ የሸጥኩት በኪሳራ ነበር። የምቆጥረው ዱቄት፣ ዘይትና ኮባ ብቻ ነበር። መብራቱን፣ ካርቶኑን፣ ለሚያደርሰው ባለሞተር የሚከፈለውን አልቆጠርኩም። አንድ ካፌም በተለያየ ቀን ስድስት ድፎ በዱቤ ወስዶ እስካሁን አልከፈለኝም። ከዚያ በኋላ ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ሳልቀበል አላቦካም። አንድ ቀን ባለቤቴ ደብተሩን አየና «የራስሽ ጉልበትስ የት አለ?» አለኝ። እውነትም የለም። ሰዓት ይዤ መመዝገብ ጀመርኩ። ማቡካት፣ ማሸት፣ ኮባ ማጠብ፣ መጋገር፣ መጠበቅ። ሊጡ የሚያድርበትን ሳይጨምር ለአንድ ድፎ አራት ሰዓት ተኩል ወጣ።

እዚያ መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። እኔ ኦቭን አለኝ፣ የቧንቧ ውሃ አለኝ። አንቺ ኩበቱን ራስሽ ጠፍጥፈሽ፣ ራስሽ አድርቀሽ፣ ስንዴውን ለቅመሽ፣ ወፍጮ ቤት ወስደሽ ነበር የምትጋግሪው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ በየወሩ ለማኅበር፣ ጎረቤት በሞተ ቁጥር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጭሱ ሲሸተኝ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ እተኛ ነበር። ማንም «ስንት ሰዓት ፈጀብሽ?» ብሎሽ አያውቅም። እኔም ብዬሽ አላውቅም።

እማዬ፣ «ይቆረሳል» ያልሽውን አልረሳሁም። ድፎ በቁራሽ አልሸጥም። በቁራሽ አምጪልን ያሉኝ ነበሩ፤ እምቢ አልኩ። ሙሉውን ከነኮባው ነው የሚወስዱት። መባረኩም መቁረሱም በቤታቸው፣ በሽማግሌያቸው እጅ ነው። ሙልሙልም አልሸጥም። ለቡሄ ብዙ ሰው ጠይቆኝ ነበር። በዋዜማው ማታ 140 ሙልሙል ጋግሬ በኮንዶሚኒየማችን ሆያ ሆዬ ለጨፈሩት ልጆች አደልኩ። አንዱ ትንሽዬ «ብር የለም?» አለኝ። ሙልሙል ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ቁጭ ብሎ ሲበላው ግን ሁለተኛ ለመነኝ። አንቺ ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር።

አሁን በወር ውስጥ ሥራዬ የሚበዛው በ12፣ በ21፣ በ23 እና በ27 ነው። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም። የማኅበር ሰው ቋሚ ደንበኛ ነው፤ ወሩን ጠብቆ ያዛል። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ደግሞ ኬክ የለመዱ ሰዎች ወደ እኔ ይዞራሉ። ድፎው ወተትም እንቁላልም የለበትም። አንቺ ይኼን ሁሉ በልብሽ ታውቂው ነበር፤ እኔ ነኝ ዘግይቼ የደረስኩበት።

ንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ። የግብር መለያ ቁጥርም አለኝ። የቀረኝ ያንቺ ፈቃድ ነው። ካልሽኝ አቆማለሁ፤ ከልቤ ነው የምልሽ። እሺ ካልሽኝ ግን አንድ ነገር አለ። ከመስከረም ጀምሮ ከእያንዳንዱ ድፎ ያንቺን ድርሻ ለይቼ በሌላ ደብተር እያስቀመጥኩ ነው። እንዳትቆጪ። ስጦታ አይደለም፣ ደመወዝሽ ነው። እርሾው ያንቺ ነው፣ ልኩም ያንቺ ነው። የማድቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል ብለሽኝ ነበር፤ ከፈለግሽ በእሱ ይታደስ።

ደግሞም አንድ ያልለካሁት ነገር አለ። ሊጡን በሁለት ጣት ጫን ታደርጊና «ደርሷል» ወይም «ይቆይ» ትያለሽ። ጣትሽ ሥር ምን እንደሚሰማሽ ብጠይቅሽ «ይታወቃል» ብለሽ ዝም አልሽኝ። እኔ ገና አይታወቀኝም። ለኅዳር ጽዮን ስድስት ድፎ ታዞብኛል፤ እስካሁን በአንድ ጊዜ ይኼን ያህል ጋግሬ አላውቅም። በ19 ወንድሜ በጠዋቱ መኪና ያሳፍርሽ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ምንም እንድትሠሪ አልፈልግም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ ጣትሽን ብቻ አሳርፊበት።

ስትመጪ ያን የሊጡን ብርድ ልብስ ይዘሽልኝ ነይ። ኅዳር እዚህም ሌሊቱ ይበርዳል።

ናፋቂሽ ልጅሽ
አዲስ አበባ