ጠበሉም ክኒኑም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ድብርት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚሰቀልበት፣ አንዴ በድብርት የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም) እንዳለብኝ ካወቅኩ ዓመታት አልፈዋል። የተዋሕዶ ልጅም ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር።

ስሜቴ ሲሰቀል ማንም አይደነግጥም። ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ሌሊቱን ስሰግድ፣ ደሞዜን ለነዳያን ስበትን «እንዴት ያለች ትጉህ ናት» ተባልኩ። እኔም ጸጋ መስሎኝ ነበር። በኋላ ከአልጋ መውረድ ሲያቅተኝ ግን ስሙ ተቀየረ፦ «መንፈስ ነው። ጠበል ግቢ፣ ክኒኑን ተዪው።» ተውኩት። ወር ሳይሞላ ሆስፒታል ገባሁ።

አሁን የምወስደው ሊቲየም ነው፤ የጨው ዓይነት ነው። ሰውነት ውሃና የምግብ ጨው ሲያንሰው በደም ውስጥ የሊቲየሙ መጠን ይጨምራል። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያስመልሳል፣ ሲብስ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ሁዳዴ ሳይገባ ለሐኪሜም ለንስሐ አባቴም ተናገርኩ። አባ «ልጄ፣ ውሃሽን ጠጪ» አሉኝ። (ይቆጡኛል ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ!)

አቡነ ጳውሎስ እኮ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ ሕመም ሲሆን ለምን ይረሳል?

ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ይህ ስለ ድብርት ሲሰበክ አልሰማሁም።

ቅዳሜ ጠዋት እጠመቃለሁ። ክኒኔን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እውጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ